ክብደቱ ያልታወቀ አፈር

ተረት፦ ከደረቅ መሬት ምን ካርቦን ይገኛል?

ደረቃማ አካባቢዎች ከዓለም የብስ 40 በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ። አንዱ ሄክታር የሚይዘው ጥቂት ቢሆንም ስፋቱ ያካክሰዋል። እንደ ቦረናና አፋር ባሉ የግጦሽ ምድሮች አብዛኛው ካርቦን ያለው ከሣሩና ከግራሩ ይልቅ አፈሩ ውስጥ ነው።

ተረት፦ ላቦራቶሪው «ካርቦኑ 1 በመቶ ነው» ካለ ሥራው አለቀ።

ገና ግማሹ ነው። ከስንዴው ውስጥ መቶኛው እጅ እንክርዳድ ነው ቢባል፣ ጆንያው ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ሳይታወቅ የእንክርዳዱን ኪሎ የሚናገር የለም። የአፈሩን ክብደት የሚነግረን እፍግታው ነው። ይዘቱ የታወቀ የብረት ቀለበት አፈሩ ውስጥ በቀስታ ተመትቶ ይገባል፤ ናሙናው ሳይፈርስ ይወጣል፤ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርቅና ይመዘናል። ክብደቱ ለቀለበቱ ይዘት ሲካፈል እፍግታው ይገኛል። 1 በመቶ ኦርጋኒክ ካርቦን ያለው አፈር እፍግታው በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.4 ግራም ከሆነ፣ እስከ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት በሄክታር 42 ቶን ካርቦን አለው። እፍግታው 1.2 ከሆነ ግን 36 ቶን ብቻ። ከላቦራቶሪ የሚመጣው ወረቀት ለሁለቱም ያንኑ 1 ይላል።

የቆላ አፈር ደግሞ ጠጠር አያጣውም። የደቃቁ አፈር እፍግታ 1.4 ሆኖ ጠጠር የይዘቱን ሲሶ ቢይዝ፣ ያ 42 ቶን ወደ 28 ይወርዳል። ቀለበት በማይገባበት ድንጋያማ ቦታ ጉድጓድ ይቆፈርና የወጣው ሁሉ ይመዘናል፤ ጉድጓዱ ስስ ላስቲክ ተነጥፎበት በሚሞላው ውሃ ይዘቱ ይለካል። አድካሚ ነው፤ ስለዚህም ብዙዎች ይዘሉታል።

ተረት፦ እፍግታው የጨመረ አፈር ካርቦኑም ጨምሯል።

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ ሒሳቡ ትክክል እየመሰለ ያታልላልና። መንጋ የረገጠው መሬት ተጠቅጥቆ እፍግታው ከ1.3 ወደ 1.5 ቢወጣ፣ ካርቦኑ 1 በመቶ እንደሆነ ቢቀር እንኳ ስሌቱ ከ39 ወደ 45 ቶን ያድጋል። የከብት ሰኮና 6 ቶን «አተረፈ» ማለት ነው! የሆነው ግን አፈሩ ሲታመቅ ከ30 ሴንቲሜትር በታች የነበረው ወደ ልኬቱ መግባቱ ብቻ ነው። በተቃራኒው ከከብት ተከልሎ የላላ መሬት ያልጠፋ ካርቦን የከሰረ ይመስላል። መፍትሔው እኩል ጥልቀትን ትቶ እኩል ክብደት ያለውን ደረቅ አፈር ማወዳደር ነው፤ ለላላው አፈር እስከ 35 ሴንቲሜትር ገደማ መቆፈርን ይጠይቃል። ካርቦን በቶን በሚሸጥበት ዘመን፣ በቋሚ ጥልቀት ብቻ የተሠራን ንጽጽር እኔ አላምነውም።

ተረት፦ ጥቁር አፈር ሁሉ ካርቦን የሞላው ነው።

የዋልካ ጥቁረት የካርቦን ማስረጃ አይሆንም። ከዚህም በላይ ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ያው ማሳ በነሐሴና በመጋቢት የተለያየ እፍግታ ይሰጣል። ናሙናው ሲወሰድ የነበረው እርጥበት አብሮ ካልተመዘገበ ቁጥሩ ለንጽጽር አይበጅም።

ተረት፦ አሲድ ጠብ ሲልበት የሚፈላ አፈር ካርቦኑ ብዙ ነው።

የሚፈላው እንደ ኖራ ያለው ካርቦኔት ነው፤ በደረቅ አካባቢ በብዛት ይገኛል። ካርቦን ነው፤ ግን ከሥርና ከቅጠል ብስባሽ የመጣው አይደለም። ናሙናውን በከፍተኛ ሙቀት አቃጥሎ የሚለካ መሣሪያ ሁለቱን ደባልቆ ይቆጥራል። ካርቦኔቱ አስቀድሞ በአሲድ ካልተወገደ ወይም ለብቻው ተለክቶ ካልተቀነሰ፣ እፍግታው የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢለካ የሚባዛው በተሳሳተ ፐርሰንት ነው።