«ሜዲካል ወደቀች» ሲባል

በደሴና በኮምቦልቻ ዐረብ አገር ዘመድ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። በእነዚህ ቤቶች «ልጅቱ ሜዲካል ወደቀች» የሚለው ወሬ እንደ መርዶ ይሰማል። ለመሆኑ ምን ማለት ነው?

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚመጣባቸው ሰው ከአገሩ ሳይነሣ እንዲመረመር ይጠይቃሉ። የእኛም አዋጅ ቁጥር 923/2008 ምርመራውን ግዴታ አድርጎታል። ምርመራው እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያሉ ተላላፊ በሽታዎችን ብቻ የሚፈልግ አይደለም። በአገሮቹ መመሪያ መስማት አለመቻል፣ ሌላም የአካል ጉዳትና የአእምሮ ሕመም «ብቁ አይደለም» ያሰኛሉ። ጆሮዋ የማይሰማ ልጅ ጤነኛ ብትሆን፣ ሥራውንም ብትችል፣ በሩ ይዘጋባታል።

ይህ በዐረብ አገር ብቻ ያለ ነገር አይደለም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1992 በአካል ጉዳተኞች ላይ የሚደረግን መድልዎ የሚከለክል ሕግ ስታወጣ፣ የኢሚግሬሽን ሕጓን ከክልከላው ውጭ አድርጋዋለች። ካናዳም ለሕክምና ብዙ ወጪ ያስወጣል የምትለውን አመልካች ትመልሳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጪውን ጣሪያ ሦስት እጥፍ አድርጋ ደንቡን አላላችው እንጂ አልተወችውም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 18 ከሌላው እኩል የመዘዋወር ነፃነትን ይደነግጋል። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2000፣ አገራችን በ2002 ዓ.ም አጽድቀውታል። ይሁንና በወረቀቱና በድንበሩ በር መካከል ገና ብዙ ርቀት አለ።

ታዲያ ቤተሰብ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ የወደቀችበትን ምክንያት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ የሚታከም በሽታ ሊሆን ይችላልና። ጉዳዩ አካል ጉዳት ከሆነ ደግሞ «በባቲ፣ በዐፋርና በጅቡቲ አድርጌ የመን አሻግራታለሁ» የሚለውን ደላላ አይስማ። ያ በረሃና ባሕር ስንት ጤነኛ ወጣት እንዳስቀረ ወሎ ያውቃል።

ቀጥሎ እዚሁ ያላትን መብት ይወቅ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ በአካል ጉዳት ምክንያት ሰው እንዳያገልል ይከለክላል፤ የሥራ ቦታውንም እንዲያመቻች ያስገድዳል። ተበደልሁ ብሎ የሚከስ አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም የለበትም። ይህ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም፣ በደሴ መሥሪያ ቤቶችም የሚሠራ ሕግ ነው። ሄዳ ተጎድታ የተመለሰች እኅትም መብቱ አላት።

ዓይነ ሥውሩ ሶሓባ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም ከሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር ጋር ወደ መዲና ቀድመው ከተሰደዱት መካከል ናቸው። መዲና ተቀበለቻቸው፤ እርሳቸውም ቁርኣን አስተማሩባት። በኋላም ሙአዚን ሆኑ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዞ ሲወጡ ከተማይቱን በአደራ ይተዉላቸው ነበር። እኛም «ወደቀች» የተባለችውን ልጅ ከጓዳ ደብቀን የውጭውን ፍርድ በቤታችን እንዳንደግመው እንጠንቀቅ። የኤምባሲ ማኅተም ስለ ቪዛ ይናገር እንደሆነ እንጂ የልጃችንን ዋጋ አይለካም።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።