ጆቫኒ ፌሬሮ፦ የኑቴላ ቤት ወራሽ

ጣሊያናዊው ጆቫኒ ፌሬሮ ኑቴላን፣ ፌሬሮ ሮሼን፣ ኪንደርንና ቲክ ታክን የመሳሰሉ ጣፋጮችን የሚያመርተው የፌሬሮ ቡድን ወራሽና ሊቀመንበር ናቸው። ፎርብስ መጽሔት በሚያወጣው የባለጸጎች ዝርዝር ለዓመታት ከጣሊያን ቀዳሚ ሆነው ዘልቀዋል፤ ሀብታቸውም ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይገመታል። አብዛኛው በአክሲዮን ገበያ ለሽያጭ ቀርቦ በማያውቀው የቤተሰብ ድርጅት ውስጥ ያላቸው ድርሻ ነው። ስለዚህ የሀብታቸው ታሪክ የድርጅቱ ታሪክ ነው።

መነሻው በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በፒየሞንት አውራጃ የምትገኘው የአልባ ከተማ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ኮኮዋ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ኬክ ሠሪው ፒየትሮ ፌሬሮ፣ የጆቫኒ አያት፣ በአካባቢው ኮረብታዎች የሚበቅለውን ሄዘልነት የተባለ ፍሬ ፈጭተው ከጥቂት ኮኮዋ ጋር በመለወስ ቸኮሌት የሚተካ ጣፋጭ ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1946ም ድርጅቱን አቋቋሙ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን አረፉ።

ልጃቸው ሚኬሌ በ1957 አመራሩን ሲረከቡ ቤቱ በፈጠራ ገነነ። በ1964 ኑቴላ፣ በ1969 ቲክ ታክ፣ በ1982 ፌሬሮ ሮሼ ለገበያ ቀረቡ። የሚኬሌ መንገድ አዲስ ጣፋጭ ራስ ፈጥሮ ማሳደግ ነበር እንጂ ሌላው የፈጠረውን መግዛት አልነበረም።

ጆቫኒ የተወለዱት ኑቴላ ገበያ በወጣበት ዓመት ነው። በብራሰልስ ተምረው፣ በአሜሪካ የገበያ ጥናት አጥንተው ወደ ቤተሰቡ ሥራ ገቡ። በ1997 ከታላቅ ወንድማቸው ከፒየትሮ ጋር የጋራ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። በ2011 ወንድማቸው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ብስክሌት ሲነዱ ሕይወታቸው አለፈ፤ በ2015 ደግሞ አባታቸው በ89 ዓመታቸው አረፉ። ኃላፊነቱ በሙሉ በጆቫኒ ትከሻ ላይ ወደቀ።

እሳቸውም የአባታቸውን መንገድ ቀየሩ። በ2015 የብሪታንያውን የቸኮሌት ድርጅት ቶርንተንስን ገዙ። በ2018 የኔስሌን የአሜሪካ የጣፋጭ ንግድ በ2.8 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2019 ደግሞ ከኬሎግ የብስኩት ምርቶችን በ1.3 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለሉ። በመካከሉ፣ በ2017፣ የዕለት ተዕለቱን አመራር የቤተሰቡ አባል ላልሆኑት ለላፖ ቺቪሌቲ አስረከቡ፤ ይህ በድርጅቱ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር።

ሀብቱ ዛሬም በአያታቸው ፍሬ ላይ ይቆማል። ከዓለም የሄዘልነት ምርት ከግማሽ በላዩን የምትሰጠው ቱርክ ናት፤ እዚያ ውርጭ ሲመታ የኑቴላ ወጪ ይንራል። በእርሻዎቹ ላይ ለዓመታት የታየው የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛም ወራሹ ሊሸሹት የማይገባ ኃላፊነት ነው።

ብዙ የቤተሰብ ድርጅቶች ባለቤትነትንና አመራርን መለየት ያቅታቸዋል፤ ልጅ በመሆኑ ብቻ የማይችለው ይሾማል፣ ወይም ንብረቱ ተከፋፍሎ ይበተናል። የጆቫኒ ፌሬሮ ብልሃት እዚህ ላይ ነው፦ ባለቤትነቱን በቤተሰብ እጅ አጽንተው አመራሩን ለሥራው ለበቃ ሰው ሰጡ።