ያረጀ መርከብ ዕዳው የማን ነው?

ከባንግላዴሹ ቺታጎንግ ወደብ በስተሰሜን፣ በሲታኩንዳ ዳርቻ፣ ያረጀ መርከብ የሚፈርሰው ጭቃ ላይ ነው። ካፒቴኑ ባሕሩ ከወትሮው ከፍ የሚልበትን ሰዓት ጠብቆ፣ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ወደ የብስ ይነዳዋል። ውሃው ሲሸሽ መርከቡ በሆዱ ተኝቶ ይቀራል። የተቀረው የጋዝ መቁረጫ የያዙ ሰዎች ሥራ ነው። የተቆረጠው ላሜራ በዊንች ተጎትቶ ወደ ማቅለጫ ይሄድና ፌሮ ይሆናል።

አገሪቱ ይህን ብረት አጥብቃ ትፈልገዋለች፤ ስለዚህ ሥራው ይቁም አልልም። ጥያቄዬ ስለ አሠራሩ ነው። የነዳጅ ታንክ ከመቆረጡ በፊት ዝቃጩ መጠረግ፣ ንጹሕ አየር መግባት፣ የሚቀጣጠል ጋዝ አለመኖሩም በመሣሪያ መለካት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2016 ፓኪስታን ጋዳኒ ላይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ እየተቆረጠ ሳለ ፈንድቶ ከ20 በላይ ሠራተኞች አልቀዋል።

አስቤስቶስ ግን ድምፅ የለውም። በሞተር ክፍሉ ቧንቧዎች ላይ የተጠቀለለውን ሠራተኛው በእጁ ቦጭቆ ይጥለዋል፤ ብናኙ ሳንባው ውስጥ ይቀራል። በሽታው የሚወጣው ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። ያኔ የቀን ሠራተኛውን የሚያውቀው አሠሪ ከየት ይመጣል?

እ.ኤ.አ. በ2009 የባንግላዴሽ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ጠበቃዋ ሪዝዋና ሀሰን በተሟገተችበት ጉዳይ፣ መርከቦች ከመርዛማ ነገር ሳይጸዱ አይግቡ ሲል ወሰነ። መርከብ በደኅና እንዲፈርስ የሚደነግገው ዓለም አቀፉ የሆንግ ኮንግ ስምምነትም የጸደቀው በዚያው ዓመት ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው ግን በጁን 2025። 16 ዓመት! አሁን ከ500 ግሮስ ቶን ጀምሮ ያሉ መርከቦች አደገኛ ቁሶቻቸው የት የት እንዳሉ የሚያሳይ መዝገብ እንዲይዙ ይጠበቃል። ይህ ለቆራጩ ትልቅ ነገር ነው። ጭቃ ላይ ማፍረስን ግን ስምምነቱ አልከለከለም።

ባለቤቶቹስ? አብዛኛውን ጊዜ መርከቡን ለደላላ ነጋዴ ይሸጣሉ፤ እሱም ለመጨረሻው ጉዞ የኮሞሮስን ወይም የፓላውን ባንዲራ ይሰቅልበታል። የአውሮፓ ኅብረት በአባል አገሮቹ ባንዲራ የሚጓዙ መርከቦች ባጸደቃቸው ማፍረሻዎች ብቻ እንዲፈርሱ ያዝዛል፤ ባንዲራው ሲለወጥ ትእዛዙም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ በደኅና ለማፍረስ የሚያስፈልገው ገንዘብ መርከቡ ገና እየሠራ ሳለ፣ ወደብ በገባ ቁጥር ከባለቤቱ እየተቀነሰ መጠራቀምና በደኅና ስፍራ ሲፈርስ ብቻ መለቀቅ አለበት። የአውሮፓ ኮሚሽን ይህን መሰል ሐሳብ አስጠንቶ ነበር፤ ሕግ ግን አላደረገውም።