የአንጎል ቀለብ በራሽን ሚዛን

በ2006 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ድንበር ተሻግረው ወደ ጋምቤላ የገቡት ኑዌሮች አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነው። ብዙዎቹ ላሞቻቸውን ትተው ነው የመጡት። የኑዌር እናት የማሽላ ዱቄት አድቦልቡላ ቀቅላ የምታቀርበው ዋልዋል ባህሉ ከወተት ጋር ነው። ማሽላ ላይሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ደሃ ነው፤ ወተት ግን በላይሲንም በትሪፕቶፋንም የታደለ ነው። አያቶች ላቦራቶሪ ሳያዩ አንዱ የጎደለውን በሌላው ይሞሉ ነበር ማለት ነው።

መጠለያው ውስጥ ያለው ግን ራሽን ነው፦ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ዘይት፣ ጨው። ከዚያም ላይ ለወፍጮ፣ ለሳሙና እየተባለ ገበያ የሚወጣ አለ።

ይህ ከአንጎል ጋር ምን አገናኘው? የበላነው ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ወደ አሚኖ አሲዶች ይበተናል። ዘጠኙን ሰውነታችን መሥራት አይችልም፤ ከገበታ ካልመጡ ከየትም አይመጡም። አንጎል መልእክት የሚለዋወጥባቸውን ብዙዎቹን ኬሚካሎች የሚሠራው ከአሚኖ አሲዶች ነው። ስሜትንና እንቅልፍን የሚገራው ሴሮቶኒን ከትሪፕቶፋን ይሠራል፣ ዶፓሚን ደግሞ ከታይሮሲን። ነርቭ ነርቭን የሚቀሰቅስበት ግሉታሜት ራሱ አሚኖ አሲድ ነው።

የስደተኛ ራሽን ሲጓደል ምን እንደሚከተል ማላዊ አሳይታለች። በፈረንጆቹ 1990 በበቆሎ ይኖሩ ለነበሩ የሞዛምቢክ ስደተኞች ይታደል የነበረው ለውዝ ተቋረጠ። ከ17 ሺህ በላይ ሰዎች ፔላግራ ያዛቸው። ሰውነት ከትሪፕቶፋን ኒያሲን የተባለውን ቫይታሚን መሥራት ይችላል፤ ለውዝ ሁለቱንም ይሰጣል፣ በቆሎ ግን በሁለቱም አያስተማምንም። ፔላግራ ቆዳ ላይ ይጀምርና ሆድን ያውካል፣ ካልታከመም አእምሮን ያናጋል። የጎደለው እፍኝ ለውዝ ነበር።

የእኛው አገር ታሪክ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ጥፋቱ የመጣው ከአሚኖ አሲድ እጦት ጋር በአሚኖ አሲድ መርዝ ነውና። በጎንደር ደንቢያና ፎገራ፣ በወሎ ደላንታና ዳውንት ያለ ሰው ጓያን ያውቀዋል። ዝናብ ሲቀር ሁሉም አዝመራ ሲከዳ ጓያ አይከዳም፤ ውሃ በተኛበት ጥቁር አፈርም ይበቅላል። ፍሬው ውስጥ ግን ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ አለ፤ በፈረንጆቹ 1964 የህንድ ተመራማሪዎች የለዩት ነው። ኦዳፕ ግሉታሜት በሚያርፍበት ቦታ እያረፈ እንቅስቃሴ የሚያዙትን ነርቮች ከልክ በላይ ይቀሰቅሳቸዋል፣ በመጨረሻም ይገድላቸዋል። ሁለት ሦስት ወር ዋና ምግቡ ጓያ የሆነ ጎረምሳ አንድ ጠዋት እግሮቹ ተገትረው፣ ጉልበቱ እየተጋጨ ይነሳል። አንዱ በአንድ ዱላ ይሄዳል፣ አንዱ በሁለት፣ የባሰበት በእጁ ይድሃል። አእምሮው እንዳለ ነው፤ የደረሰበትን ሁሉ ያውቃል። መድኃኒት የለውም።

ገበሬው የጓያ እንፋሎት ነው የሚሰብረው ይላል፤ ሲቀቀል ፊቱን የሚያዞርም አለ። አትፍረዱበት፤ ጎረቤቱም ያንኑ ጓያ በልቶ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ያያል። ልዩነቱን የገለጠው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ አጋማሽ ከደረሰው ድርቅ በኋላ በደላንታና ዳውንት በሽታው በወረርሽኝ መልክ ሲነሳ የተደረገው ጥናት ነው። ዶ/ር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በፈረንጆቹ 2003 በላንሴት መጽሔት እንዳወጡት፣ ጓያን በእሸትነቱ፣ ቆልቶ ወይም ቀቅሎ የበላ ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጠ ነበር። ሜቲዮኒንና ሲስቲን ካለባቸው እህሎች ጋር ቀላቅሎ የበላው ግን አደጋው ቀንሶለታል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና መሰል ቅመም የገባበት ወጥም ጥላ ሆኖታል። የጥናቱ ምክር ግልጽ ነበር፦ በረሃብ ጊዜ የእርዳታ እህል ቶሎ ይድረስ፤ ጓያው ላይ ይቀላቀል።

ይህ ምክር ከወጣ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በፈረንጆቹ ሰኔ 2023፣ እህል ተሰረቀ በሚል የኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ ቆመ። ስደተኞች እንደገና ማግኘት የጀመሩት በጥቅምት ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2025 መገባደጃ ላይ ደግሞ ገንዘብ አጠረኝ ብሎ የስደተኞችን ራሽን ከ60 በመቶ ወደ 40 አውርዷል። ሌባውን መያዝ የሚገባ ነው፤ የሌባውን ዕዳ ሕፃንን ማስከፈል ግን ከፍትሕ የራቀ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንጎል በፍጥነት የሚያድግባቸው ናቸው፣ ያኔ የጎደለው በኋላ በቀላሉ አይካካስም።

ራሽን ሲቆረጥ ውይይቱ ሁሌ ስለ ኪሎና ካሎሪ ነው። ማሽላ ብቻውን ካሎሪውን ሊሞላ ይችላል፤ ላይሲኑን ግን አይሞላም። ትየርኪዲ ውስጥ አጠገቡ መድረስ ያለበት ጥራጥሬው ነው፤ አተሩ፣ ባቄላው፣ ምስሩ። ስለዚህ መቀነስ የግድ ከሆነ ጥራጥሬው መጨረሻ ይነካ፤ ለሕፃናት የሚሰጠው ድብልቅ ዱቄት ደግሞ ጨርሶ አይነካ። ደላንታ ላይ ያለው ገበሬም ጓያን ተው ከመባሉ በፊት የሚቀላቅለው እህል ይሰጠው።