የምኞት ባቡሮች፦ የሞዴል ሎኮሞቲቭ ወዳጆችና ገና ያልተሠሩት ሞዴሎቻቸው

የፈረንጆቹ ጥር ሲገባ በእንግሊዝና በጀርመን አንድ ዓይነት ጉጉት የያዛቸው ሰዎች ይበዛሉ። ጡረታ የወጣ መሐንዲስ፣ መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ራሱ ባቡር ነጂ የሆነም ይገኝባቸዋል። የሚጠብቁት የዓመቱን አዳዲስ ሞዴል ባቡሮች ዝርዝር ነው። የእንግሊዙ ሆርንቢ የዓመት እቅዱን ብዙውን ጊዜ የሚያስታውቀው በዚህ ወር ሲሆን፣ ሜርክሊንን የመሳሰሉ የጀርመን አምራቾችም በኑረምበርግ ከሚካሄደው ዓለም አቀፍ የመጫወቻ ዕቃዎች ትርዒት ጋር አያይዘው አዲስ ነገራቸውን ያወጣሉ። ዝርዝሩ በወጣ ማግስት ከፊሉ ደስ ብሎት ገንዘቡን መቁጠር ይጀምራል። የቀረው «ዘንድሮም የኔን ረሱት» ብሎ ያኮርፍና የከርሞውን ምኞት መጻፍ ይይዛል።

ነገሩ የልጅ መጫወቻ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሞዴል ሎኮሞቲቭ የእውነተኛው ባቡር ልክ ተጠብቆ፣ ተቀንሶ የተሠራ ማሽን ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ልክ «ኤች ኦ» ይባላል፤ 1 ለ 87 ማለት ነው። 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መደበኛ ሐዲድ በዚህ ልክ ሲቀነስ 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እንግሊዞች በዚያው 16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ትንሽ ገዘፍ ያለ፣ 1 ለ 76 የሆነ ባቡር ያስኬዳሉ፤ የእንግሊዝ ሎኮሞቲቮች ጠበብ ያሉ በመሆናቸው የያኔው ሞተር አልገባ ብሎ የተደረገ ማስተካከያ ነው። የቤት ቦታ የሚያጥራቸው ጃፓኖች ብዙውን ጊዜ የሚመርጡት ሐዲዱ 9 ሚሊ ሜትር የሆነውን «ኤን» ነው። ሜርክሊን በ1972 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው «ዜድ» ደግሞ 1 ለ 220 ስለሆነ ሎኮሞቲቩ በመዳፍ ይያዛል።

ታዲያ ሰዎቹ የሚመኙት ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት በልጅነታቸው ያዩትን። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጣቢያ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን ሎኮሞቲቭ ቁጥር በደብተር ሲመዘግብ ያደገ እንግሊዛዊ ልቡ ያለው በእንፋሎት ባቡርና በመጀመሪያዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ላይ ነው። በሃያ ዓመት የሚያንሰው ግን የ1980ዎቹን ናፍጣ ይፈልጋል፤ የእንፋሎቱን የሚያውቀው ከአባቱ ወሬ ነው። በብሪታንያ ሆቢስቶች የሚፈልጉትን ሞዴል በድምፅ የሚመርጡበት ዓመታዊ የምኞት ምርጫ ለብዙ ዓመታት ሲካሄድ ቆይቷል። አምራቾችም ውጤቱን አይተው እንዳላዩ አያልፉትም።

ይሁንና ምኞትና ምርት የሚለያዩበት ቦታ አለ። የሎኮሞቲቩ የፕላስቲክ አካል የሚወጣበት ቅርጽ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሞልድ የሚሉት፣ ከብረት እየተቦረቦረ የሚዘጋጅ ነው። ለአንድ ሎኮሞቲቭ የሚያስፈልጉት ሞልዶች በአንድነት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊፈጁ ይችላሉ፤ ይህ ሁሉ የሚወጣው አንድም ሞዴል ሳይሸጥ ነው። ስለዚህ አምራቹ ስንት ሰው እንደሚወደው ብቻ ሳይሆን በስንት ቀለም እንደሚሸጥም ያሰላል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያው «ክላስ 66» የተባለው ናፍጣ ነው። ከ1998 ጀምሮ ከሰሜን አሜሪካ ወደ ብሪታንያ የገባ የዕቃ ባቡር ጎታች ሲሆን፣ ቁጥሩ ከ400 በላይ ደርሷል። የተለያዩ የጭነት ኩባንያዎች እየገዙና እየተከራዩ በየራሳቸው ቀለም ቀብተውታል። ለሞዴል አምራች እንዲህ ያለ ባቡር ሲሳይ ነው፤ ሞልዱ ሳይለወጥ ዘንድሮ በቀይ፣ ከርሞ በሰማያዊ፣ በሦስተኛው ዓመት በአረንጓዴ ይሸጣል። ባችማን የተባለው አምራች ሠርቶት እያለ ሃተንስ የተባለው ሌላ ኩባንያም የራሱን ሞልድ አሠርቶ ገበያ የገባው ለዚህ ነው።

በሌላው ጫፍ ያለው «ጂቲ 3» ነው። ኢንግሊሽ ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ በ1961 ለሙከራ ያወጣው የጋዝ ተርባይን ሎኮሞቲቭ ሲሆን፣ ከላይ ሲያዩት የእንፋሎት ባቡር የሚመስል፣ ከኋላው የነዳጅ ጋሪ የሚጎትት፣ ለየት ያለ ፍጥረት ነበር። የተሠራው አንድ ብቻ ነው። በ1966 ተቆራርጦ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። አንድ አካል፣ አንድ ቀለም፣ ጥቂት ዓመት ዕድሜ፤ በትልልቆቹ አምራቾች ስሌት የማያዋጣ ነገር ነው። ነገር ግን ወዳጆቹ አልተዉትም። በመጨረሻም «ኬአር ሞዴልስ» የተባለ ትንሽ ኩባንያ ተነሥቶ ሠራላቸው።

ትንንሾቹ አምራቾች ይህን የሚደፍሩት ገንዘቡን አስቀድመው በመሰብሰብ ነው። ንድፉን ያሳያሉ፣ ትዕዛዝና ቀብድ ይቀበላሉ፤ የታሰበው ቁጥር ካልሞላ ሥራው ይቀራል። ሙዚየሞችም ያሠራሉ። በ1975 በሰዓት 245 ኪሎ ሜትር ሮጦ የብሪታንያን ክብረ ወሰን የሰበረው «ኤፒቲ-ኢ» የተባለው የሙከራ ባቡር ዛሬ ያለው በሺልደን ከተማ ሎኮሞሽን ሙዚየም ውስጥ ነው። ሙዚየሙ የካናዳውን ራፒዶ ትሬንስን አሠርቶ ሞዴሉን ለሽያጭ አቅርቧል። ባለሙያዎቹ ባቡሩን በሌዘር ስካነር አንሥተው በኮምፒውተር ላይ ስላዋቀሩት በሜትር መለካቱ ቀርቷል።

የሚለካው ባቡር ከሌለስ? ያኔ የድሮ ንድፍና ፎቶግራፍ ብቻ ይቀራል። ከ1948 እስከ 1949 የተሠሩት 49 የ«ኤ1» የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች አንድም ሳይተርፍ እስከ 1966 ድረስ ተቆራርጠው አልቀው ነበር። እዚህ ላይ የእንግሊዝ የባቡር ወዳጆች ምኞት ከጠረጴዛ አልፎ ሄደ። በ1990 ማኅበር አቋቁመው፣ በየወሩ ከሚያዋጡት ገንዘብ ጭምር፣ ሙሉውን ባቡር ዳርሊንግተን ላይ ከባዶ ሠሩት። «ቶርኔዶ» የሚል ስም የወጣለት ይህ ሎኮሞቲቭ በ2008 በራሱ እንፋሎት ተንቀሳቀሰ፤ ባችማንም ሞዴሉን አወጣ።

አሜሪካኖቹ ዘንድ ከምኞት ዝርዝር የማይጠፋው «ቢግ ቦይ» የተባለው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ነው። ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ ከ1941 እስከ 1944 ካሠራቸው 25ቱ መካከል 4014 ቁጥሩ ታድሶ በ2019 ወደ ሐዲድ ሲመለስ፣ የሞዴል አምራቾችም አዲሱን መልኩን ይዘው ብቅ አሉ፤ ከድንጋይ ከሰል ወደ ዘይት ስለተቀየረ የነዳጅ ጋሪው ተለውጧልና። ይህ ግዙፍ ማሽን ከነጋሪው 40 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በ1 ለ 87 ልክ 46 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። በብዙ ቤት ያለው ኩርባ ሐዲድ ግን ከክቡ መሐል እስከ ሐዲዱ 46 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በእውነተኛው «ቢግ ቦይ» ላይ የኋላው ስምንት ጎታች ጎማ ከቦይለሩ ጋር የታሰረ ነው፤ የሚዞረው የፊቱ ብቻ ነው። ሞዴሉ በጠባብ ኩርባ እንዲያልፍ ብዙ አምራቾች ሁለቱንም የጎማ ስብስብ እንዲዞር አድርገው ሠርተውታል። ስለዚህ በመታጠፊያው ላይ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ የቦይለሩ አፍንጫ ከሐዲዱ ውጭ ተንጠልጥሎ ይቀራል። «እውነተኛውን አስመስሉልን» የሚለውም «በኔ ሐዲድ ይዙርልን» የሚለውም አንድ ሰው ነው።

ከመልክ ቀጥሎ የሚመኙት የውስጡን ነው። የጥሩ ሞዴል ክዳን ሲነሣ መሐል ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ከነሐስ የተሠሩ ከባድ ዘዋሪዎች፣ ከእነሱ ወደ ጎማዎቹ የሚወርድ ጥርስና ዘንግ ይታያል። ዘዋሪዎቹ ቆሻሻ የነካው ሐዲድ ላይ ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ቢቋረጥ ባቡሩ ሳይንገጫገጭ እንዲያልፍ ያደርጋሉ። ከላይ የተቀመጠችው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ዲኮደር የሚሰካባት ናት፤ በዲጂታል አሠራር አንድ ሐዲድ ላይ ያሉ ብዙ ባቡሮች ለየብቻ የሚታዘዙት በዲኮደሩ ነው። የዛሬ ሆቢስት ለድምፅ ማጉያ ቦታ እንዲተውለት፣ የነጂው ክፍል መብራት ለብቻው እንዲበራ፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚደግፍ ካፓሲተር አብሮ እንዲመጣ ይጠይቃል። በጎኑ ላይ የታተመው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ በአጉሊ መነጽር ሲታይ መነበብ አለበት፤ ካልተነበበ ቅሬታው አይቀርም።

ቅሬታው ለአምራቹም ይጠቅመዋል። ከአዲስ ሞልድ የሚወጣው የመጀመሪያ ናሙና ቀለም ያልተቀባ ነው፤ ፎቶው ይፋ ሲደረግ የመስኮቱ ማዕዘን ተሳስቷል፣ የጣሪያው ጉብታ ከፍ ብሏል የሚል እርማት ይጎርፋል። ምርቱ እስኪጀመር ድረስ ሞልዱን ለማስተካከል ጊዜ አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን ስህተቱ ለብዙ ዓመታት አብሮ ይሸጣል።

ሕግም በመሐል ይገባል። ዩኒየን ፓሲፊክ ዓርማውንና ቀለሙን ለሚጠቀሙ ሞዴል አምራቾች ክፍያ ጠይቆ ለዓመታት ካወዛገበ በኋላ፣ በ2006 በፍርድ ቤት ክርክር መጨረሻ ላይ ከአንድ አምራች ጋር ተስማምቶ ክፍያውን ትቷል። እስከዚያ ድረስ የሆቢስቶቹ ስጋት የሞዴሉ ዋጋ ይጨምራል የሚል ነበር።

የኢትዮጵያ ባቡር በዚህ ዓለም ቦታ ይኖረው ይሆን? ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው 784 ኪሎ ሜትር የቀድሞ መስመር የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ይህ ስፋት በ1 ለ 87 ልክ ሲቀነስ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ሞዴል ሠሪዎች «ኤች ኦ ኤም» ይሉታል። የስዊስን ተራራማ የሬቲያ ባቡር የሚሠራው የጀርመኑ ቤሞ በዚሁ ልክ ሐዲድና መሠረተ አካል ይሸጣል። ስለዚህ ፈረንሳይ ሠራሹን የአልስቶም ናፍጣ መሥራት የፈለገ ሰው ሐዲዱን ከገበያ ያገኛል፤ የሚጎድለው የላይኛው አካል ነው። እሱም ድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ከቆሙት ማሽኖች ተለክቶ በባለ ሦስት አውታር (3ዲ) ማተሚያ ሊወጣ ይችላል፤ በመቶ ሺዎች ዶላር የሚፈጅ ሞልድ አያስፈልገውም። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ መደበኛ ስፋት ያለው ነው፤ በ1 ለ 87 ልክ ለእሱ የሚሠራ ሞዴል በብዛት በሚሸጠው 16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ያለ አንዳች ማስተካከያ ይሄዳል።