ባልና ሚስት በአንድነት ሲነግዱ



የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ ለጡረታ ሲቀነስበት፣ አሠሪው መሥሪያ ቤትም የበኩሉን ድርሻ እንደሚጨምርለት ያውቃል። የግል ነጋዴ ግን አሠሪም ሠራተኛም ራሱ ስለ ሆነ፣ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ሕግ ሁለቱንም ድርሻ ብቻውን ይከፍላል። ልኩም በመቶ 15.3 ነው፤ ከዚህም 12.4 የሚሆነው ለጡረታና ለአካል ጉዳት አበል፣ 2.9 የሚሆነው ለአረጋውያን ሕክምና ይውላል። ሒሳቡ የሚታሰበው ከመላው የተጣራ ትርፍ ሳይሆን ከ92.35 በመቶው ነው።

በዚያ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል፣ ባልና ሚስት ሆነው ምግብ ቤት ወይም ሱቅ የሚያካሂዱ ይገኛሉ። ሚስት ከንጋት እስከ ምሽት ከሥራው ሳትለይ፣ ትርፉ በባል ስም ብቻ የተገለጸ እንደ ሆነ፣ በመንግሥት መዝገብ እንዳልሠራች ትቆጠራለች። የራስን ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ ያስፈልጋል፤ በዓመትም ከ4 ነጥብ በላይ አይገኝም። ነጥብ የሌላት ሚስት በባልዋ መዝገብ ከጡረታው እስከ እኩሌታ ልታገኝ ትችላለች። ነገር ግን ጋብቻው 10 ዓመት ሳይሞላው በፍቺ ቢፈርስ ይህም ይቀርባታል። አካልዋ ቢጎዳም የጉዳት አበል አታገኝም።

ይህን ለማቃናት በ2007 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሕግ ወጣ። ባልና ሚስቱ ሁለቱም በሥራው በእርግጥ የሚደክሙ፣ የገቢ ግብራቸውንም በአንድነት የሚያስታውቁ ከሆኑ፣ ከእነርሱም በቀር ሌላ ባለ ድርሻ ከሌለና ንግዱ በኩባንያ ወይም በሽርክና ማኅበር ስም ካልተቋቋመ፣ ተስማምተው ትርፉንና ኪሳራውን በየድርሻቸው ከፍለው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መግለጫ ያቀርባሉ። የሽርክና ማኅበር የሚጠየቀውን የተለየ መግለጫ ማቅረብም አያስፈልጋቸውም።

ለምሳሌ የተጣራው ትርፍ 60,000 ዶላር ቢሆን፣ በባል ስም ብቻ ሲታሰብ የሚከፈለው 8,478 ዶላር ያህል ነው። እኩል ሲካፈሉት ግን እያንዳንዳቸው 4,239 ዶላር ያህል ይከፍላሉ፤ ድምሩ ያው ነው። የባል መዝገብ በዚያው ልክ መቀነሱ እርግጥ ነው፤ ሆኖም የሚስት ድካም በስምዋ ይጻፋል።

ስለዚህ በዚያ አገር አብረው የሚነግዱ ዘመዶች ያሏችሁ ሁሉ፣ መግለጫው በማን ስም እንደሚቀርብ ጠይቋቸው። አብሮ የደከመ አብሮ ሊጻፍ ይገባዋልና።