ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት

መኪናዋ የ1969 ሸቭሮሌት ካማሮ ናት። ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ጋራዥ ውስጥ አቧራ ለብሳ ቆማ ነበር። ቤት ያመጣናት ቅዳሜ ጠዋት ነው። እኔ በዚያው ቀን ድምጿን መስማት ፈለግሁ። አዲስ ባትሪ ገዛሁ፣ ቤንዚን ጨመርኩ፣ ገብቼ ተቀመጥኩ። ቁልፉን ላዞር ስል አጎቴ በመስኮቱ በኩል እጄን ያዘኝ።

«ተው! ቁልፉን አውጣና ስጠኝ።»

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ልሞክራት።»

«ለመስበር አንዴ ይበቃል።»

ቁልፉን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። አጎቴ ወጣት እያለ አዲስ አበባ ውስጥ ሴይቼንቶ የሚባሉትን ትንንሽ የፊያት ታክሲዎች ይጠግን ነበር። ትልልቆቹን የአሜሪካ ሞተሮች የተማረው እዚህ አሜሪካ ከመጣ በኋላ ነው። በዚያን ቀን ተናድጄበት ነበር። አሁን ግን ያ ሞተር እስከ ዛሬ የተረፈው በእሱ ምክንያት መሆኑን አውቃለሁ።

ሞተር ለብዙ ዓመት ሲቆም በውስጡ ያለው ዘይት ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር ግድግዳ ይደርቃል። እርጥበት ይገባና ዝገት ይጀምራል። ቁልፉን ስናዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ በሙሉ ጉልበቱ ይጎትተዋል። ያን ጊዜ የፒስተን ቀለበቶች ሊሰበሩ፣ ግድግዳውም ሊጫር ይችላል። ተጣብቆ የቀረ ቫልቭ ካለ ደግሞ እሱን የሚገፋው ዘንግ ይጣመማል። ሞተሪኖ ጉልበት አለው እንጂ አይሰማውም። እጅ ግን ይሰማዋል።

ስለዚህ ባትሪውን ፈታን። ስምንቱንም ካንዴላዎች አወጣን። በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጨመርንና አራት ቀን ተውነው። ከዚያ አጎቴ ከሞተሩ ፊት ለፊት ባለው ትልቁ ብሎን ላይ ቁልፍ አስገብቶ በሰዓት አቅጣጫ ቀስ ብሎ ገፋ። መጀመሪያ እምቢ አለ። አልታገለውም። ዘይት ጨመረበትና «ነገ» አለ። በሦስተኛው ቀን ሞተሩ አንድ ሙሉ ዙር ዞረ።

አሮጌውን ቤንዚን ከታንከሩ አወጣን፤ ቤንዚን ቤንዚን ሳይሆን ቀለም ቀለም ይሸታል። እኔ በላዩ ላይ የጨመርኩት አዲሱ ቤንዚንም አብሮ ተደፋ። የጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀየርን፤ ዛሬ በየማደያው የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ኤታኖል አለው፣ ይህም የዚያን ዘመን ጎማ ይበላዋል። ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀየርን። በመጨረሻ ዲስትሪቢዩተሩን፣ ማለትም እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ ነቀልነው። የቆመበትን አቅጣጫ ምልክት አድርገን ፎቶ አንስተን ነው የነቀልነው፤ ያለዚያ ሲመለስ ቦታው ይጠፋል። በዚህ ሞተር ላይ የዘይቱን ፖምፓ የሚያዞረው ዲስትሪቢዩተሩ ነው። በቀዳዳው ዘንግ አስገብተን በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አዞርነው። ዘይቱ ላይ ድረስ ሲወጣ በዓይናችን አየን። ሞተሩ ገና አልተነሳም፤ ግን ከእንግዲህ ደረቅ አይደለም።

እነዚህ መኪናዎች ለምን እንዲህ ይወደዳሉ? ነገሩ የጀመረው በ1964 ነው ይባላል። (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) በዚያ ዓመት ፖንቲያክ መካከለኛ መጠን ባላት መኪናው ላይ 389 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 6.4 ሊትር የሚይዝ ትልቅ ሞተር ገጠመ። ስሟን ጂቲኦ አላት። የጄኔራል ሞተርስ የራሱ ደንብ እንዲህ ያለውን ሞተር በዚያ መጠን መኪና ላይ ይከለክል ነበር። የፖንቲያክ ሰዎች ግን እንደ አዲስ መኪና ሳይሆን ደንበኛው መርጦ እንደሚያስጨምረው ተጨማሪ ዕቃ አድርገው ሸጡት። ካማሮ የመጣችው ከዚያ በኋላ በ1966 መጨረሻ ላይ፣ የፎርድን ሙስታንግ ለመፎካከር ነው። የእኛዋ ባለ 350 ኪዩቢክ ኢንች፣ 5.7 ሊትር፣ ቪ8 ናት። የዚህ ሞተር ቤተሰብ በ1955 ስለጀመረና ለረጅም ዓመታት ስለተመረተ መለዋወጫው ዛሬም በቀላሉ ይገኛል።

ኮምፒውተር የለውም። የዛሬ መኪና ሲበላሽ መሣሪያ ይሰካና ቁጥር ይነበባል። እዚህ ግን ጠያቂውም አንባቢውም ሰው ነው።

ቋንቋውንም የተማርኩት ከዚያው ከኮፈኑ ስር ነው። አጎቴ «ካቻቢቴ አቀብለኝ» ሲለኝ ብሎን መፍቻውን ማለቱ ነው። ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ የጋራዥ ቃላት ናቸው። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ነው። ቴስታታ ደግሞ ራስ ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል ነው። አባታችሁ ወይም አጎታችሁ ስለ መኪና ሲያወሩ ያልገባችሁ ቃል ቢኖር ምናልባት ከነዚህ አንዱ ነው።

አሁን ሞተሩ ለመነሳት ተዘጋጅቷል። አጎቴ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። የጋራዡን በር እስከ ጥግ ከፈትን፤ የመኪና ጭስ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ደስ ብሎኝ ቁልፉን ስለቀው ጠፋ። ደግሜ አዞርኩ፤ ተነሳ። ለቀቅኩት፤ ጠፋ።

«ካርቡሬተሩ ነው» አልኩ። ቤንዚን እያነሰው መስሎኝ ነበር። አጎቴ በማግስቱ የሌሊት ሥራ ስለነበረው ሳይመለከተው ሄደ። እኔም በዚያው ማታ ከ500 ዶላር በላይ ከፍዬ የታደሰ ካርቡሬተር አዘዝኩ። መጣ፣ ገጠምኩት። ሞተሩ ተነሳ፤ ቁልፉን ስለቀው ጠፋ።

አጎቴ ሲመለስ ካርቡሬተሩን ዞሮም አላየውም። የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «የሚጠፋው መቼ ነው? ቆይቶ ነው ወይስ ቁልፉን በለቀቅህበት ቅጽበት?» መልሱ እዚያ ውስጥ ነበር። ቤንዚን ቢያንሰው ኖሮ በካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ውስጥ ያለው እስኪያልቅ ድረስ ለጥቂት ጊዜ ይሠራ ነበር። በአንድ ቅጽበት የሚጠፋው እሳት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነዚህ መኪናዎች ላይ እሳቱን የሚያበራና የሚያጠፋ ፑንቲና የሚባል ትንሽ መገናኛ አለ። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ 12 ቮልት ቢደርሰው ይቃጠላል። ስለዚህ ፋብሪካው ወደ ኮይሉ በሚሄደው መስመር ላይ ኃይል የሚቀንስ ልዩ ሽቦ አስገባ። ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ ግን ኮይሉ በሌላ ሽቦ በኩል ሙሉውን 12 ቮልት ያገኛል። ቁልፉን ስንለቅ ያ ሁለተኛው መንገድ ይዘጋል፤ ልዩው ሽቦ ይረከባል። የእኛ ልዩ ሽቦ መገጣጠሚያው ላይ ተበጥሶ ነበር። ተራ ሽቦ ብንቀጥልበት ኖሮ መኪናዋ ትሠራለች፤ ፑንቲናው ግን ብዙ ሳይቆይ ይቃጠላል። ትክክለኛው ሽቦ ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው። አዲሱ ካርቡሬተር እስከ አሁን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው በተራ ነው። ሲሊንደሩ አየሩን አምቆ ይይዛል? እሳት አለ? ቤንዚን ይደርሳል? እሳቱ የሚመጣው በሰዓቱ ነው? ሌላው ሁሉ ከእነዚህ ከአንዱ ስር ይገባል።

ስለ እሳቱ አንድ ነገር ልጨምር። የዚህ ሞተር የእሳት ተራ 1-8-4-3-6-5-7-2 ነው። ጎዶሎዎቹ ሲሊንደሮች በሾፌሩ በኩል፣ ሙሉዎቹ በሌላው በኩል ናቸው። ተራው ላይ 5 እና 7 እንደሚከታተሉ ልብ በሉ። በአካልም ጎረቤት ናቸው። የካንዴላ ሽቦዎቻቸው ጎን ለጎን ተጣብቀው ከሄዱ የአንዱ እሳት ወደ ሌላው ሊዘል ይችላል፣ ሞተሩም ይንገጫገጫል። አራርቋቸው።

የሰዓቱ ነገር ከሁሉም በላይ ያታልላል። ከሞተሩ ፊት ያለው ክብ ብረት ላይ የተጫረች መስመር አለች። እሳቱ መቼ እንደሚመጣ በልዩ መብራት የምናየው በእሷ ነው። ያ ክብ ብረት ግን አንድ ወጥ አይደለም፤ በውስጠኛውና በውጪኛው ቀለበት መካከል ጎማ አለ። ጎማው ሲያረጅ የውጪው ቀለበት ይንሸራተታል። መስመሯም አብራ ትሄዳለች፤ ትዋሻለች። ለማረጋገጥ በ1ኛው ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ ፒስተኑን የሚያስቆም ብሎን ይገባል። ሞተሩ በእጅ ወደ አንድ ወገን እስኪቆም ይዞራል፣ ምልክት ይደረጋል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ወገን። እውነተኛው ዜሮ የሁለቱ ምልክቶች መካከል ነው። የእኛዋ መስመር ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ሸሽታ ነበር።

ካማሮዋ መሥራት ጀመረች። ግን ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣ ነበር። ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን፣ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውሃ መግባቱን ይናገራል። ሰማያዊ ዘይት ነው። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ቢሆን የቫልቮቹን የዘይት መከላከያ ጎማዎች እንጠረጥር ነበር። የእኛ አይጠፋም።

የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ለካን። ሰባቱ ወደ 150 ፒኤስአይ ሲያሳዩ 7ኛው 95 ላይ ቆመ። ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ ካልደረሰ ችግር አለ። በ7ኛው ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረን ደግመን ስንለካ 130 ደረሰ። ዘይት ሲጨመር ከፍ ካለ ክፍተቱ በፒስተን ቀለበቶቹ በኩል ነው። ባይንቀሳቀስ ቫልቭ ነበር። ለብዙ ዓመት የቆመ ሞተር ትንሽ ሲሠራ የተጣበቁት ቀለበቶች አንዳንድ ጊዜ ይላቀቃሉ፤ ስለዚህ ጥቂት ሰዓት አሠርተን እንደገና ለካን። አሁንም 95።

ሞተሩ ወረደ። የዘይት መያዣውን ስንከፍት ታች ላይ የፕላስቲክ ፍርፋሪ አገኘን። ፋብሪካው ድምፅ ለመቀነስ ብሎ ካቴናው የሚያዞረውን ጥርስ በናይለን ሸፍኖት ነበር። ናይለኑ አርጅቶ እየተሰባበረ ወደ ዘይቱ ወርዷል። ጥቂት ቢቆይ የፖምፓውን ወንፊት ይዘጋው ነበር፤ ያለ ዘይት የቀረ ሞተር ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

ብረቱን ሲሊንደር ወደሚሞርዱ ሰዎች ከመውሰዳችን በፊት አጎቴ በሞተሩ ፊት፣ በተሳፋሪው በኩል ያለችውን ጠፍጣፋ ቦታ በጨርቅ ጠረገ። እዚያ ላይ ፋብሪካው የመታቸው ፊደሎችና ቁጥሮች አሉ። ከእነሱ ውስጥ የመኪናዋ የራሷ ቁጥር ክፍል አለበት። ሞተሩ ከመኪናዋ ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን የሚያረጋግጡት እነሱ ናቸው፤ ዋጋዋም በዚያ ላይ የተመሠረተ ነው። የብረቱ የላይኛው ፊት እንዲላግ ከተደረገ ቁጥሮቹ አብረው ይጠፋሉ። አንድ የማውቀው ሰው ይህን ሳይናገር ቀርቶ ንጹሕና ባዶ ብረት ተመልሶለታል። እኛ በወረቀት ጽፈን በብረቱ ላይ ለጠፍንበት፦ «ሲሊንደሮቹን ብቻ ሞርዱ። ላዩን አትንኩ።»

ሞተሩ በአዲስ ፒስተኖች፣ በአዲስ ካምሻፍትና በብረት ጥርስ ተገጥሞ ተመለሰ። አዲስ ካምሻፍት ግን የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሕይወቱን ይወስናሉ። ሞተሩ እንደተነሳ ቀስ ብሎ እንዲሠራ መተው አይቻልም። ወደ 2,000 ዙር በደቂቃ ከፍ አድርጎ ለ20 ደቂቃ መያዝ ያስፈልጋል፤ ካምሻፍቱ ዘይት የሚያገኘው ከታች በሚረጨው ነውና። ዘይቱም ዚንክ የበዛበት መሆን አለበት። የዛሬ ዘመናዊ ዘይቶች ዚንካቸው የተቀነሰው የጭስ ማጣሪያውን እንዳይጎዳ ነው።

ጋዙን እኔ ያዝኩ። አጎቴ አንድ ዓይኑን ከሰዓቱ፣ ሌላውን ከሙቀት መለኪያው ሳያነሳ ቆመ። ጎረቤቶች ወጡ። አንዷ ልጅ ጆሮዋን ይዛ ትስቃለች። ሰማያዊ ጭስ የለም።

«አሁን አጥፋው» አለኝ።

ዘይቱን ትኩስ እያለ አፈሰስነው። ፊልትሮውን ቆርጠን ወረቀቱን ዘርግተን በባትሪ መብራት ተመለከትነው። ብልጭ የሚል የብረት ፍርፋሪ አልነበረም። ካማሮዋን ይዤ ልወጣ ስነሳ አጎቴ ቁልፉን ነቅሎ መልሶ ኪሱ ከተተው። ፍሬኑን ገና አላየነውም።